እናቱ አትስማ

ከንፈር ማንበብ የተማርኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። አቃቂ የጨርቅ ፋብሪካ ስገባ ገና ልጅ ነበርኩ። የሽመና ክፍሉ ማሽን አንዴ ከተነሳ ሰው ጆሮሽ ሥር ቢጮህም አይሰማሽም። ስለዚህ ሁላችንም የምናወራው በከንፈር ነበር። ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን ምን ምሳ እንደያዘ፣ አለቃው በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ፣ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ቆመን ያለ ድምፅ እንተማማ ነበር። ፊደሉ በኋላ መጣ፣ በማታ ትምህርት። አራተኛ ክፍል ላይ ልጅ ሲመጣ ትምህርቱን ተውኩት። ፋብሪካውንም ከተውኩ ቆየሁ። ከንፈሩ ግን አልተወኝም። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማዶ ባለው ታክሲ የሚነታረኩ ባልና ሚስት ጉዳይ ይገባኛል። ባይገባኝ የሚሻልበትም ጊዜ አለ።

አባታቸው ከሞተ ወዲህ ከሁለት ልጆቼ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ከብሎኩ ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ሴቷ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ ትመዘግባለች። ታላቅ ወንድሟ በያጅ ነበር። ሥራው ሲቀዘቅዝበት ከጓደኞቹ ጋር መክሮ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ቆላ ወረደ። አትሂድ ብዬዋለሁ። ለምኜዋለሁ። እሱ ግን ፌስታሉን አንጠልጥሎ ገበያ የሚሄድ ይመስል ወጣ። የሚቆፍሩበት ቦታ ስልክ አይሠራም። ወደ ከተማ ሲወጣ ይደውልልኛል። ከፍልሰታ በፊት ደወለ፣ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ለእንቁጣጣሽ ሳይደውልልኝ ቀርቶ አያውቅም፣ ቀረ። መስቀልም አለፈ።

ሴቷ ልጄ ከሥራ ስትገባ ልብሷን ትቀይርና ስልኳን ይዛ በረንዳ ትወጣለች። ጆሮዋ ላይ ያን የሚሰካውን ነገር ትሰካለች፣ የመስታወቱን በር ትዘጋለች፣ እስኪመሽ ታወራለች። ከማን ጋር ነው ስላት ከጓደኞቼ ትላለች። የት ያሉ ጓደኞች ስላት የትም ያሉ ትላለች። ስልኩ ላይ ጌም እንደሚጫወቱ አውቃለሁ። ጌም ማለት ለእኔ ኳስ ወይ መኪና መንዳት ነበር። ወሬ ያለበት ጌም እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ቆሜ ጎመን እየከተፍኩ ቀና ስል ፊቷ ወደ እኔ ዞሯል፣ እሷ ግን አላየችኝም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልሰማት ብዬ አልነበረም፣ ዓይኔ ለምዶበት ነው።

«ሞቷል በቃ» አለች። ከዚያ የሚያናግሯትን አዳመጠች። «ጫማው ተገኝቷል እኮ» አለች። ደግሞ አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። እስኪረጋገጥ ማንም እንዳይነግራት። እናቱ አትስማ።»

ቢላዋው ከእጄ አልወደቀም። ጎመኑን ከትፌ ጨረስኩ። እንዴት እንደከተፍኩት ግን አላውቅም።

ለምን ያን ጊዜውኑ በሩን ከፍተሽ አልጠየቅሻትም የሚለኝ ሰው አለ። መርዶ ያልተጠባበቀ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው አገር ነው፣ መጨረሻ የምታውቀው እናት ናት። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድሩ ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል። ሁሉም አፉን ይዞ ቀን ይመርጥልሻል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በርሽን ያንኳኳሉ። እኔም ለስንት ሰው በር ከሚያንኳኩት ኋላ ቆሜአለሁ። ከሌሊቱ ጀምሮ ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ ባለቤቲቱ ጸሎቷን እስክትጨርስ ጠብቀን የገባንበት ቤት አለ። እና ልጄን ብጠይቃት ዓይኗ እንባ ያቀርርና ነገሩ ያልቃል። ካልጠየቅኳት ግን እስከዚያ ድረስ ልጄ አለ። እንዲህ ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ስል አገሩ ሁሉ ይናገር ጀመር። ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ፣ ደረጃ ላይ ሳገኛት አቅፋ ካልሳመችኝ የማታልፍ ሴት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለፈች። አሳዘንኳት ማለት ነው አልኩ። የስልጤው ባለሱቅ፣ ከእኔ ጋር ሳይቀልድ ሳሙና የማይሸጥ ሰው፣ ስለ ልጁ ጠይቆኝ ምንም የለም ስለው ዓይኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ። የዕድራችን ድንኳን ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይታጠባል፣ አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን ለእኔ የታጠበ መሰለኝ።

ቅዳሜ የዕድሩ ሰብሳቢ ሽንኩርቴ ዘንድ መጡ። እሳቸው የብሎካችንም ኮሚቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው፣ ነገር የማያበዙ። ነገ ጠዋት ቤት እንዳለሁ ጠየቁኝ። አለሁ አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ልጅቷም ትኑር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ምን ቀረኝ። ያልተሸጠውን ሰብስቤ ወጣሁ። ቤቴን አጠብኩ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ፣ ሰው እንዲቀመጥ። ቡፌው ላይ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፣ ለቅሶ ቤት ብርጭቆ ይሰበራል። ልጄ ገብታ አየችና እንግዳ አለ እንዴ አለችኝ። እኔ አልኩ በልቤ፣ እንዲህ አስመስለሽ መጠየቁን ከማን ተማርሽው።

እሁድ ከኪዳን መልስ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሰብሳቢው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመዋል። ከጎናቸው የጎረቤቴ ባል፣ እሱም ነጠላ ለብሷል። ከኋላ አንድ የማላውቀው ሰው አለ። ሰብሳቢው ደህና አደርሽ አሉኝ። «እስቲ ግቢና ቁጭ በይ፣ አንድ ነገር ልንነግርሽ ነው» አሉ።

ቁጭ በይ ከተባለ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። እስኪሉት አልጠበቅኩም።

ያን ቀን ስለጮህኩት ጩኸት ሌሎች ናቸው የሚነግሩኝ። እኔ የማስታውሰው ከበታች፣ ከበላይ፣ ከማዶ ብሎክ የሚከፈት የበር ድምፅ ነው። ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ ደረጃውን ወጡ። ያቺ ፊቷን ያዞረችብኝ ጎረቤቴ ከኋላዬ ወገቤን ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ፣ ራሴን እንዳልፈጠፍጥ። ልጄ ከእንቅልፏ ባንና ወጣች። ሰዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ድምፅዋ አልተሰማም። ከንፈሯን ግን አየሁት። «ጉድጓዱ ነው አይደል» አለች። ከዚያ እሷም ጮኸች።

ሰብሳቢው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ እንባቸው ወረደ። ለካ እሳቸው እኛ ዛሬ ጠዋት መርዶ የመጣልን መስሏቸው ነው። ባለሱቁ ሱቁን ሳይቆልፍ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። እንደዚህ ስንላቀስ ቆይተን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ መርዶውን ማን እንዳመጣው ጠየቀ። ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞረ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ነገረሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እናንተ ናችኋ» አልኳቸው።

«እኛማ ስለ ቧንቧው ነው የመጣነው።»

የማላውቀው ሰው ከጆንያው ውስጥ የቧንቧ መፍቻውን ብቅ አደረገ፣ እንደ ምስክር። የእኛ መታጠቢያ ቤት ውሃ ለካ ወደ ጎረቤቴ ጣሪያ ይንጠባጠብ ኖሯል። ፊቷን ያዞረችብኝ አልጋዋ ርሶባት ተቆጥታ ነው። ልጅቷም ትኑር ያሉት ቁልቁል እየወረደች የታችኛውን ውሃ የምትከፍትና የምትዘጋ ሰው ፈልገው ነው።

አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ አልሳቅኩም። እንባዬን ሳልጠርግ ልጄን ያዝኩ። ጫማው የተገኘው የማን ነው አልኳት። እናቱ አትስማ ያልሽው የማንን እናት ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ልጄ ደነገጠች፣ ከዚያ ገባት፣ ከዚያ አፈረች።

«ጌም ነው፣ እማ» አለች።

ሰብሳቢው ተቀመጡ። ሶፋው ተስተካክሎ ስለነበር ሌላውም ሰው ተቀመጠ። ሰው አልቅሶ በባዶ አይመለስም፣ ምን እንዳስለቀሰው ማወቅ ይፈልጋል። ልጄ መሃል ቆማ እንደ ተከሳሽ ተናገረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብረት የታጠረ ከተማ አለ፣ ዙሪያውን ጉም ነው። ጉሙ ሰው ይውጣል። የከተማው በረኛ ወጣት ልጅ ነው። ጉም የዋጣቸውን ሊፈልግ ፋኖስ ይዞ ወጣ፣ አልተመለሰም። እናቱ ምንጭ ዳር ተቀምጣለች። የሚጫወት ሰው በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ልጄን አይታችሁታል ትላለች። ሌላ ነገር አትናገርም። በየአገሩ ያለ ሰው ይህን በረኛ ሲፈልግ ይውላል። አንዱ ጫማውን ከሐይቅ ሥር አወጣ። ሌላው ፋኖሱን ዋሻ ውስጥ አገኘው፣ እየበራ። ፋኖሱ ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት ይጠፋል ተብሎ እዚያው ጌሙ ውስጥ ተጽፏል። ጫማውን ለእናቲቱ ከሰጧት ተነስታ ትሄዳለች፣ እሷ ብቻ የምታውቀውን የጉሙን መንገድ ለተጫዋቾቹ ሳታሳይ ይዛው ትሄዳለች፣ ተመልሳ አትመጣም። ስለዚህ ልጄና ጓደኞቿ ይነገራት አይነገራት እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

«ጫማው አንድ እግር ነው ሁለት?» አለ ባለሱቁ ከበሩ ላይ።

አንድ እግር ነው አለችው።

«እንግዲያው አልሞተም። ሰው ሲሰጥም ሁለቱንም ተጫምቶ ነው። አንድ ጫማ የሮጠ ሰው ነው የሚጥለው።»

የእኔ ጎረቤት ደግሞ አልተዋጠላትም። ፋኖሱ በርቶ የተገኘው ሌባ ወስዶት ይሆናላ አለች፣ በሕይወት ያለው ሌባው ነው። ልጄ ፋኖሱ የሚያውቀው ባለቤቱን ብቻ ነው ብትላት፣ እቃ መቼ ባለቤት ያውቃል፣ የእኔ ቴሌቪዥን ተሰርቆ እዚያም ቤት ይሠራል አለች። ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው እጃቸውን አንስተው ሳቁን አበረዱ። የዕድር ዳኝነት የለመዱ ሰው ናቸው፣ ነገር ወደ ሥሩ ካልወረደ አይለቁም። ይህን ታሪክ የጻፉት ሰዎች አሉ ወይ፣ ተጠይቀዋል ወይ አሏት።

ተጠይቀዋል አለች ልጄ። ሰው ሁሉ ይጠይቃቸዋል። ሲጠየቁ ይስቃሉ። አፕዴት የሚሉት የጌሙ ጭማሪ በመጣ ቁጥር ሌላ በር ይከፍታሉ፣ ሌላ ጉም ይጨምራሉ፣ ስለ በረኛው አንድም ቃል አይናገሩም። እሷ መጫወት ሳትጀምርም እንዲሁ ነበር። አሁን አሁን ጸሐፊዎቹም መልሱን አያውቁትም የሚል ሰው አለ።

«ሳያውቁት ነው የጀመሩት?» አሉ ሰብሳቢው። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የተቆጡት በዚህ ይመስለኛል።

እኔም የተናደድኩት በዚህ ነው፣ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም። አንዲት እናት ምንጭ ዳር አስቀምጠው፣ አፏ ላይ አንድ ጥያቄ አድርገው፣ ለዓመታት አላፊ አግዳሚውን ስትለምን ያዩዋታል። ሞቷል በሏት ወይ አለ በሏት። መንገድ እንዳይጠፋብን ብሎ የእናትን መርዶ የሚያቆይ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው። ልጄ ስልኳን አምጥታ ሴትዮዋን አሳየችኝ። አጎንብሳ ተቀምጣለች፣ ፊቷ እንኳን በደንብ አልተሠራም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ግን የሚንቀሳቀሰው እንዲያው ነው፣ ምንም አይነበብም። ስልኩን መለስኩላት።

ሰዎቹ ቧንቧውን ሠርተው ሄዱ። ሴቶቹም አጽናንተውኝ ሄዱ፣ ምኑን እንዳጽናኑኝ እነሱም አላወቁትም። ከሁሉም የባሰው ይህ ነበር። የሞተ ሰው የለም ተብሎ ሁሉም ደስ ብሎት ወጣ። ልጄስ? የእኔ ልጅ ከፍልሰታ ወዲህ እንዳልደወለ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ሰው ያለቀሰለትና የሳቀለት የጌሙ በረኛ ነው።

በሩ ሲዘጋ ልጄን ጉድጓዱ ምንድን ነው አልኳት።

የቱ ጉድጓድ አለች። ከንፈርሽን አይቼዋለሁ አልኳት። እዚያው ወለሉ ላይ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ያንጠባጠበው ውሃ ላይ ተቀመጠች። ከወንድሟ ጋር ወርዶ የነበረ አንድ ልጅ ታሞ ተመልሷል፣ አቃቂ እናቱ ቤት ነው። እሱ ነው የነገራት። እነሱ ከሚቆፍሩበት ቀጥሎ ያለ ጉድጓድ ተናደ። ሰው ነበረበት። ማን እንደነበረበት አያውቅም፣ እሱ በማግስቱ ነው የወጣው። ይህን ስትሰማ መስቀል ገና አልደረሰም ነበር። ጌሙን የሙጥኝ ያለችውም ከዚያ ወዲህ ነው። እዚያ ውስጥ ቢያንስ ለፍለጋ የሚወጣበት በር አለ አለችኝ።

መምታት አማረኝ። አልመታኋትም። ጌም ነው ብላ አገር ፊት ስትናገር የቆየች ልጅ ለካ እውነቱንም አብራ ይዛዋለች። ለእኔ ሁለቱም ደረሱኝ፣ ውሸቱን ፈርቼው እውነቱ ከሥሩ ወጣ።

«ስሚኝ» አልኳት። «ከእንግዲህ የሰማሽውን በሰማሽበት ሰዓት ትነግሪኛለሽ። ቀትርም ይሁን፣ ሽንኩርት እየሸጥኩም ይሁን፣ ገበያ መሃልም ይሁን። ለእኔ ጎህ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌ አታሰባስቢብኝ።»

«ብትወድቂብኝስ?»

«ልውደቃ። መውደቂያዬን አትምረጪልኝ።»

ሰኞ ሽንኩርቱን ለጎረቤቴ ትቼ አቃቂ ወረድኩ። የታመመው ልጅ አልጋ ላይ ነው፣ ወባ አንገርግቦት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። እናቱ እንደ ጥፋተኛ ታስተናግደኛለች፣ የእሷ ተመልሶ የእኔ ስላልተመለሰ። ጠየቅኩት። አላየሁም አለኝ። ጉድጓዱ የተናደ ቀን ልጄ የት ነበር አልኩት። ጠዋት አብረን ዳቦ በልተናል አለ። ከዚያስ ስለው ከዚያ እኔ አመመኝ አለ። የተናደው ጉድጓድ ዘንድ የሚሠራ ጓደኛ ነበረው ወይ ስለው ነበረው አለ። ይሄድ ነበር ወይ ስለው አንዳንዴ አለ። አንድ መልስ ይሰጠኛል፣ መልሱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ባጃጅ ውስጥ ስመለስ የሰጠኝን ስደምረው ምንም አልሞላ አለኝ።

ልጄ ከዚያ በኋላ በረንዳ መውጣቱን ተወች። ከሥራ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ስልኩን መሃላችን እናስቀምጠዋለን። የምታወራው ስታጣ ስለ በረኛው ትነግረኛለች። ሰሞኑን አዲስ አፕዴት መጣ። ሰው ሁሉ ዛሬስ ይታወቃል ብሎ ጠበቀ። ምን ተገኘ አልኳት። ሌላ ዋሻ አለችኝ። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ድስቱን ለምን እንደዚያ በኃይል እንዳስቀመጥኩት ድስቱ ያውቃል።

ስልኬ የተደወለው ሽንኩርት እየመዘንኩ ሳለ ነው። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁት።

«እማ» አለኝ።

ሚዛኑን ለቀቅኩት። ሽንኩርቱ ተንከባለለ፣ የምትገዛኝ ሴት ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። የት ነበርክ አልኩት። ኔትወርክ የለም አለኝ። ኔትወርክ አለመኖሩን አውቃለሁ፣ አንተ የት ነበርክ አልኩት። እዚሁ ነኝ አለኝ። ደህና ነህ ስለው ደህና ነኝ አለ፣ በጣም ቶሎ አለው። ከዚያ ስለ ጉድጓዱ ጠየቅኩት። ከበስተኋላው የሚያልፍ ሞተር ሳይክል ይሰማኛል።

«ስመጣ እነግርሻለሁ» አለኝ።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ብርድ ልብሴ አለ አይደል?» አለ። አለ አልኩት። ሂሳቡ ሊያልቅ ነው አለኝና ተቋረጠ። ድምፁን በጆሮ ብቻ መስማት ለእኔ አይበቃኝም። አፉን ባየው ምን እንደዋጠ አውቅ ነበር።

መልሼ ደወልኩ። አንድ ሽማግሌ አነሱ። ሻይ ቤት አለኝ፣ ልጁ ስልኬን ለምኖኝ ነው አሉ። አሁን የት አለ አልኳቸው። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ አሉ። ወዴት በኩል እንደሄደ ጠየቅኳቸው፣ አላየሁም አሉኝ። ከሰው ጋር ነበር ወይ አልኳቸው። ልብ አላልኩም አሉ። ይሰለቹኛል ብዬ ብፈራም አልተውኳቸውም። እንዴት ነው የሄደው፣ አካሄዱ እንዴት ነው አልኳቸው።

«በእግሩ ነዋ» አሉኝ። «በሁለት እግሩ፣ እናቴ። ምን ነው?»

ምንም አይደለም አልኳቸው፣ አመሰገንኳቸው። ለልጄ መጋዘን ደውዬ በዚያው ሰዓት ነገርኳት። ምን አለ አለችኝ። ምንም አላለም አልኳት፣ ግን በሁለት እግሩ ነው የሄደው። ሴትዮዋ የለቀመችውን ሽንኩርት መለሰችልኝና አዲስ መዘንኩላት።